የስልክ ፊልም አለጣጠፍ፦ አቧራው ከፊልሙ እንዳይቀድም

ስክሪን ላይ የተለጠፈ ፊልም ሲበላሽ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ፊልሙ ስልኩን ከመንካቱ በፊት ነው። መለጠፉ ራሱ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። ከሱ በፊት ያለው የቦታ ዝግጅት፣ ልኬትና ጽዳት ግን ሃያ ደቂቃ ይፈልጋል። ይህን ሃያ ደቂቃ የዘለለ ሰው ስክሪኑ መሃል ላይ ነጭ ነጥብ እያየ ይከርማል። እዚህ የምናሳየው ግልጽ ፊልም፣ በተለይም ለስላሳው ዓይነት፣ ቤት ውስጥ በገዛ እጅ እንዴት እንደሚለጠፍ ነው። መስታወት ለሚለጥፍም አብዛኛው ይጠቅማል፤ የሚለያዩበትን ቦታ ስንደርስበት እንጠቁማለን።

የትኛው ይሻላል?

ሱቅ ገብታችሁ «የስክሪን ፕሮቴክተር» ስትሉ ከሦስት ነገሮች አንዱ ይቀርብላችኋል። አንደኛው ፔት የሚባለው ቀጭን ፕላስቲክ ነው፤ ውፍረቱ ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ስታጥፉት የእጥፋቱ መስመር አይጠፋም። ሁለተኛው ለስላሳው ፊልም፣ ቲፒዩ ነው፣ ገበያው «ሃይድሮጅል» የሚለው፤ ጫፉን ይዛችሁ ስትስቡት እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፣ ቀላል ጭረት ቢያርፍበት ቀስ በቀስ ራሱ ይመለሳል። ሦስተኛው «ግላስ» የምንለው፣ እንዲጠነክር የተደረገ መስታወት ነው፤ የተለመደው ውፍረቱ 0.33 ሚሊ ሜትር ነው።

ፊልምና መስታወት የተለያየ ሥራ ነው የሚሠሩት። ስልኩ አምልጦ ኮብልስቶን ላይ ሲያርፍ መስታወቱ ምቱን ተቀብሎ ራሱ ይሰነጠቃል፣ ለዚያ ነው የተሠራው። ፊልም ከመውደቅ ብዙም አያድንም፤ ከጭረት ግን በደንብ ያድናል። ደግሞም የስልክ ስክሪንን አብዛኛውን ጊዜ የሚጭረው ብዙዎች እንደሚያስቡት ቁልፍና ሳንቲም አይደለም፣ አሸዋ ነው። ማዕድናት ከ1 እስከ 10 በሚለኩበት የሞስ ሚዛን የስልክ መስታወት 6 አካባቢ መጫር ይጀምራል፤ አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ደግሞ 7 ነው። ኪስ ውስጥ የገባች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከቁልፍ ዘለላ የበለጠ ትጎዳለች ማለት ነው።

እዚህ ላይ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈውን 9ኤች ማንሳት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። 9ኤች የእርሳስ መለኪያ ነው። በጣም ደረቅ የሆነው እርሳስ አልጫረውም ማለት ብቻ ነው፤ ከሞስ ሚዛን 9 ጋር ዝምድና የለውም። 9ኤች የተባለ መስታወት አሸዋ ሲነካው ይጫራል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ 9ኤች ስለተጻፈ ብቻ ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ።

ዳርና ዳሩ ጎበጥ ያለ ስክሪን ላላቸው ስልኮች ለስላሳውን ፊልም ምረጡ። ጠፍጣፋ መስታወት ጉብታው ላይ ስለማይቀመጥ በዙሪያው የአየር መስመር ይተዋል። አንዳንድ ሱቆች ይህን ለመፍታት ፈሳሽ ሙጫ አፍስሰው በዩቪ መብራት ያደርቁታል። ሲሳካ ያምራል፤ ሙጫው ግን ከመድረቁ በፊት ወደ ማዳመጫው ቀዳዳና ወደ ቁልፎቹ ስር ሊሰርግ ይችላል፣ እዚያ ከደረቀ በኋላ ማውጣት አስቸጋሪ ነው። ለተጣጣፊ ስልክ ደግሞ ጭራሽ አትሞክሩ። የሚታጠፈው ስክሪን ላይ ከፋብሪካ የተለጠፈው ሽፋን የስክሪኑ አካል ነው። 2019 የመጀመሪያው ጋላክሲ ፎልድ ለሙከራ ሲሰጥ አንዳንድ ገምጋሚዎች ተራ ፊልም መስሏቸው ሲልጡት ስክሪኑ ተበላሽቷል።

ሞዴሉን በትክክል ማወቅ

የስም መመሳሰል ብዙ ብር ያባክናል። ጋላክሲ ኤ13 ብላችሁ ብትጠይቁ ባለ 4ጂው ስክሪን 6.6 ኢንች ነው፣ ባለ 5ጂው ደግሞ 6.5 ኢንች። ከዱባይ ዘመድ የላከው ስልክና እዚህ የተገዛው ስልክ ስማቸው አንድ ሆኖ ስክሪናቸው ሊለያይ የሚችለው እንዲህ ነው። ሴቲንግ ከፍታችሁ መጨረሻ ላይ «ስለ ስልኩ» የሚለው ውስጥ ያለውን የሞዴል ቁጥር እዩና እሱን ለሻጩ ንገሩ። ኤስኤም-ኤ135 ከሆነ ባለ 4ጂው፣ ኤስኤም-ኤ136 ከሆነ ባለ 5ጂው ነው። ሱቁ ፊልም በማሽን የሚቆርጥ ከሆነም ከዝርዝሩ የሚመርጠው በዚሁ ቁጥር ይሁን።

ፊልሙ በየጎኑ ከስክሪኑ ጠርዝ ከግማሽ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ገባ ያለ መሆን አለበት። እስከ ጠርዙ ድረስ የሞላ ፊልም ሲያዩት ያምራል፣ ነገር ግን ከቨሩን ስታለብሱት የከቨሩ ከንፈር ጫፉን እየገፋ ያነሳዋል። በሳምንቱ ጥጉ ተላቆ አቧራ ይሰበስባል።

የጣት አሻራ ማንበቢያው ስክሪኑ ስር ከሆነ ዓይነቱን እወቁ። በብርሃን የሚያነቡት በግልጽ ፊልምም ሆነ በመስታወት ውስጥ ብዙ አይቸገሩም። በድምፅ ሞገድ የሚያነቡት፣ እንደ ጋላክሲ ኤስ ዋና ዋና ሞዴሎች ያሉት፣ በመሃል የታፈነ አየር ካለ አያነቡም፤ ለነሱ ቀጭን ለስላሳ ፊልም ይሻላል። ፊልሙን ከለጠፋችሁ በኋላ የድሮውን አሻራ አጥፉና እንደ አዲስ አስመዝግቡ። የአሻራ ነገር ቀልድ አይደለም፤ 2019 ጋላክሲ ኤስ10 ላይ አንዳንድ የሲሊኮን ሽፋኖች ሲደረጉ ያልተመዘገበ ጣት ስልኩን ይከፍት ስለነበር ሳምሰንግ የሶፍትዌር ማስተካከያ ለመልቀቅ ተገዷል። ለጥፋችሁ ስትጨርሱ ሌላ ሰው ጣቱን እንዲሞክር አድርጉ።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ከፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል፣ ሁለት ንጹህ የመነጽር ጨርቅ፣ ግልጽ ፕላስተር፣ አሮጌ የኤቲኤም ካርድ፣ የሌላ ስልክ መብራት። በቃ። ከፊልሙ ጋር የሚመጡት እርጥብና ደረቅ መጥረጊያዎች ከታሸጉበት እስካልወጡ ድረስ ይሠራሉ፤ እርጥቡ ከደረቀ ግን ጣሉት።

ሳኒታይዘር በአልኮል ቦታ አይገባም። ጄሉ ውስጥ ያለው ማወፈሪያና ግሊሰሪን ስክሪኑ ላይ ስስ ሽፋን ትቶ ፊልሙ እንዳይዝ ያደርጋል። ቤንዚን፣ አሴቶንና በረኪና ደግሞ ስክሪኑ የጣት ቅባት እንዳይዝ ከፋብሪካ የተቀባውን ሽፋን ስለሚያነሱ አታስጠጓቸው። ሶፍትም ይቅር፤ እያጸዳ ብናኝ ይዘራል።

ቦታውን ማዘጋጀት

ትልቁ ሥራ ይሄ ነው። አየር ላይ የሚንሳፈፈው አቧራ ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ሰው ሲራመድ፣ መጋረጃ ሲወዛወዝ ተመልሶ ይነሳል። ስለዚህ መስኮትና በር ዝጉ፣ ቬንትሌተር አጥፉ፣ ወለሉን ውሃ ረጨት ረጨት አድርጉና አሥር ደቂቃ ተውት። ሙቅ ውሃ ያለው መታጠቢያ ቤት ካላችሁ ሻወሩን ለሁለት ሦስት ደቂቃ ክፈቱና ዝጉት፤ እንፋሎቱ አቧራውን ይዞት ይወርዳል። ስልኩን ይዛችሁ የምትገቡት እንፋሎቱ ከሰከነ በኋላ ነው። በጋ ላይ፣ በተለይ መንገድ ዳር ያለ ቤት ውስጥ፣ ጠዋት ማለዳ ወይም ዝናብ ካረፈ በኋላ መሥራት ልፋቱን በግማሽ ይቀንሳል።

ልብሳችሁንም እዩ። ጋቢ፣ ነጠላና የሱፍ ሹራብ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። የጋቢ ጥጥ በዓይን የማትታይ ቀጭን ክር ይጥላል፣ ያቺ ክር ፊልም ስር ስትገባ እንደ ፀጉር ተጋድማ ትታያለች። እጅጌውን ሰብስቡ፣ ፀጉራችሁን እሰሩ ወይም ሸፍኑ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ በጨርቅ ሳይሆን በአየር አድርቁት። የምትሠሩበት ጠረጴዛ ላይ የጠረጴዛ ልብስ ካለ አንሱትና ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ አብሱ።

ከማጽዳት በፊት ማስተካከል

ብዙ ሰው መጀመሪያ ያጸዳል፣ ከዚያ ፊልሙን አየር ላይ ይዞ ትክክለኛ ቦታውን ሲፈልግ ይቆያል፤ በዚያ መሃል አቧራው ያርፋል። ቅደም ተከተሉን ገልብጡት።

ስልኩን አጥፉ፣ ከቨሩን አውልቁ። አዲስ ስልክ ከሆነ ከፋብሪካ የተለጠፈ ቀጭን ፊልም ሊኖረው ይችላል። ብዙ የቴክኖ፣ የኢንፊኒክስና የሬድሚ ስልኮች እንዲህ ሆነው ይመጣሉ፣ ባለቤቱም ወር ሙሉ ሳያውቀው ይጠቀማል። ጥጉን በጥፍር ፈለግ አድርጉ፤ ጠርዝ ከተሰማችሁ ልጡት። ፊልም በፊልም ላይ መለጠፍ ጫፍ ቶሎ ያላቅቃል።

ፊልሙ ሦስት ንጣፍ ነው፦ ከስር ሙጫውን የሚጠብቀው ልጣጭ፣ መሃል ላይ ዋናው ፊልም፣ ከላይ ደግሞ ከጭረት የሚጠብቀው ቀጭን ሽፋን። 1 እና 2 ተብለው ይጻፍባቸዋል፤ ብዙውን ጊዜ 1 የሙጫው በኩል ነው። ምንም ሳትልጡ ፊልሙን ስክሪኑ ላይ አስቀምጡት። የፊት ካሜራውን ቀዳዳና የላይኛውን የማዳመጫ ክፍተት ምልክት አድርጋችሁ አስተካክሉ፤ አራቱም ጎን ያለው ክፍተት እኩል ይሁን። ሲስተካከል በግራ ረጅም ጎኑ ላይ ሁለት ቁራጭ ፕላስተር ለጥፉ፣ ግማሹ ፊልሙ ላይ፣ ግማሹ ዞሮ የስልኩ ጎን ላይ። አሁን ፊልሙ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይከፈታል፣ ሲዘጋም ያው ቦታው ላይ ይመለሳል። ሙያተኛው እጁ ስለለመደ ያለ ፕላስተር ይሠራል፤ ለጀማሪ ግን ከዚህ የሚበልጥ ዘዴ የለም።

ጽዳቱ

ፊልሙን እንደ ገጽ ከፍታችሁ ጨርቁን በአልኮል አርጥቡ፤ አልኮሉን ስክሪኑ ላይ አታፍስሱ። ከላይ ወደ ታች በቀጥታ መስመር ጥረጉ። ክብ እየሠሩ ማሸት ቅባቱን ከቦታ ቦታ ያዞረዋል እንጂ አያነሳውም። ለጥጎቹና ለማዳመጫው ክፍተት ልዩ ትኩረት ስጡ፤ የፊት ቅባትና የኪስ ብናኝ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ወዲያው በሁለተኛው ደረቅ ጨርቅ ጥረጉ።

ቀጥሎ የክፍሉን መብራት አጥፉና የሌላውን ስልክ መብራት ከስክሪኑ ጎን፣ ከጠረጴዛው ጋር ትይዩ አድርጋችሁ አብሩ። በጥቁሩ ስክሪን ላይ ከላይ ስታዩ ያልነበረ አቧራ ሁሉ ኮከብ እንደሞላበት ሰማይ ያበራል። እያንዳንዱን ቅንጣት በፕላስተር ነካ እያደረጋችሁ አንሱት። ፕላስተሩን አታሹት፤ ነካ፣ ቀና፣ ነካ፣ ቀና። ጥርት ሲል ብቻ ወደሚቀጥለው እለፉ። በአፍ ኡፍ ማለት ክልክል ነው፣ የምራቅ ነጠብጣብ ይተዋል።

መለጠፍ

ልጣጩን በአንድ ጊዜ ገሽልጣችሁ አትጣሉት። ፕላስቲክ ከፕላስቲክ ሲላቀቅ የኤሌክትሪክ ሙላት ይፈጠራል፣ እሱም በዙሪያው ያለውን አቧራ እንደ ማግኔት ይስበዋል። ከፕላስተሩ በኩል 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ግለጡ፣ የተገለጠውን ክፍል ስክሪኑ ላይ አሳርፉ፣ በጣት ከመሃል ወደ ዳር ጫን በሉ። ከዚያ በአንድ እጅ ልጣጩን ከስር ቀስ እያላችሁ ሳቡ፣ በሌላው እጅ በጨርቅ የተጠቀለለውን ካርድ 45 ዲግሪ አዘንብላችሁ ከኋላው አስከትሉ። ልጣጩ በወጣ ቁጥር ካርዱ ይደርሳል፣ አየር የሚገባበት ፋታ የለም።

ለስላሳው ፊልም ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ቦታ ለማሳካት ብላችሁ አትለጥጡት። ሲለጠጥ ይታዘዛል፣ ግን በማግስቱ ወደ ተፈጥሮ መጠኑ ሲሸበሸብ ጥጎቹን ይዞ ይነሳል። ቦታውን ከሳተ ካሁኑ አንስታችሁ እንደገና አሳርፉት።

መስታወት ከሆነ መግፋት አያስፈልግም። ልጣጩን አንስታችሁ እንደ ገጽ ዝጉት፣ መሃሉን በአንድ ጣት ለአንድ ሴኮንድ ነካ አድርጉት። ሙጫው ከዚያች ነጥብ ተነስቶ እንደ ውሃ ወደ ዳር ሲሮጥ ታዩታላችሁ። የቀረ አየር ካለ በካርዱ ወደ ቅርቡ ጠርዝ ግፉት።

በመጨረሻ የላይኛውን ሽፋን ከፕላስተሩ ጋር አብራችሁ ልጡ፤ ወደ ላይ አትንቀሉት፣ ከስክሪኑ ጋር አስተኝታችሁ ወደ ኋላ ሳቡት። ሽፋኑ ፊልሙን ይዞት የሚነሳ ከሆነ ለግማሽ ሰዓት ተውትና ሙጫው ሲይዝ ሞክሩ።

በውሃ የሚለጠፈው

አንዳንድ ወፍራም የቲፒዩ ፊልሞች ሙጫቸው በጣም ኃይለኛ ስለሆነ በደረቁ አይለጠፉም፤ ገና ሲነኩ ይይዛሉ። እነሱ ከሚረጭ ጠርሙስ ጋር ይመጣሉ። ጠርሙሱ ከጠፋ 100 ሚሊ ሊትር የታሸገ ውሃ ላይ ሁለት ጠብታ የሕፃን ሻምፖ ጨምሩ። ሻምፖው ሙጫው ለጊዜው እንዳይዝ ያደርገዋል፣ ፊልሙን እያንሸራተታችሁ ማስተካከል የምትችሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሻምፖ ሲበዛ ፊልሙ ጭራሽ አይዝም፣ ሲያንስ ደግሞ ቦታውን ሳታስተካክሉት ይጣበቃል። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ የማዕድን ጠባሳ ስለሚተው አይመረጥም።

ስልኩ መጥፋት አለበት፤ ማዳመጫውን፣ ማይኩንና የቻርጅ ማድረጊያውን ቀዳዳ በፕላስተር ዝጉ። ስልኬ ውሃ አያስገባም ብላችሁ አትተማመኑ፣ አይፒ68 የሚባለው ደረጃ የሚፈተነው በንጹህ ውሃ እንጂ በሳሙና ውሃ አይደለም። ጣቶቻችሁን አርጥቡ፣ የፊልሙን ሙጫ በኩል ርጩ፣ ስክሪኑ ላይ ግን በጭራሽ አትርጩ። አሳርፉት፣ አንሸራትታችሁ አስተካክሉት፣ የላዩን ፊት ትንሽ አርጥባችሁ ካርዱን ከመሃል ወደ ዳር ግፉ። የሚወጣውን ውሃ በየጊዜው በጨርቅ ጥረጉት፣ ወደ ቀዳዳዎቹ አትግፉት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጥጎቹን አንዴ ደግማችሁ ጫን በሉ።

ሲጨርሱ ስክሪኑ ወተት የነካው መምሰሉ፣ ትንንሽ ጠብታዎች መታየታቸው ያለ ነገር ነው። እርጥበቱ ቀስ እያለ ሲወጣ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ይጠራል። ስልኩን ቢያንስ ለ12 ሰዓት አታብሩት፣ ቻርጅ አታድርጉት፣ ፀሐይ ላይም አታስጡት። ከቨሩም በማግስቱ ይልበስ።

ሲበላሽ

አየርና አቧራን መለየት ቀላል ነው። በካርድ ስትገፉት የሚንቀሳቀስ፣ መሃሉ ባዶ የሆነ ክብ አየር ነው። መሃሉ ላይ ነጥብ ያለው፣ ስትገፉት ተመልሶ እዚያው የሚቆም አቧራ ነው። አየሩ ትንሽ ከሆነ በሁለት ቀን ውስጥ ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። አቧራው ግን ስትጫኑት ስክሪኑን ይጭራል እንጂ አይወጣም። ለእሱ ቅርብ በሆነው ጎን ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ፊልሙን በዚያ እጀታ ቀና አድርጉት፣ በሌላ ቁራጭ ፕላስተር ቅንጣቱን አንሱት። ቅንጣቱ ስክሪኑ ላይ ሳይሆን ፊልሙ ላይ ሊቀር ስለሚችል ሁለቱንም ነካ ነካ አድርጉ። ሙጫውን በጣት አትንኩት፤ የጣት አሻራው ለዘለቄታው ይቀራል።

ጥግ ሲነሳ መንስኤው ከሦስት አንዱ ነው፦ ከቨሩ እየገፋው፣ ጠርዙ ላይ ቅባት ቀርቶ፣ ወይም ፊልሙ ተለጥጦ። ከቨሩን ሳያወልቁ ሌላውን መመርመር ከንቱ ድካም ነው። አንዳንዶች በመስታወት ዳር የቀረውን የአየር መስመር ለመሸፈን የምግብ ዘይት ይቀባሉ። ለጥቂት ቀን ይጠፋል፣ ከዚያ ዘይቱ አቧራ ይዞ ጥቁር ጠርዝ ይሠራል፣ ሙጫውንም ያላላዋል።

ስልክ ስታወሩ ስክሪኑ ጠፍቶ አልበራ ካለ ፊልሙ ከማዳመጫው አጠገብ ያለውን የቅርበት ሴንሰር ሸፍኖታል ወይም እዚያ ላይ አየርና ቅባት አለ። ንክኪው ከዘገየ ደግሞ በሳምሰንግ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ ዲስፕሌይ የሚለው ስር የንክኪ ስሜትን ከፍ የሚያደርግ ማብሪያ አለ፤ እሱን አብሩ።

ማንሳት

ለስላሳ ፊልም ሲነሳ በፀጉር ማድረቂያ ለብ ያለ ሙቀት ለግማሽ ደቂቃ ያህል ስጡት፤ እጃችሁ የማይችለውን ሙቀት ስክሪኑም አይችለውም። ጥጉን በፕላስቲክ ካርድ አንሱ፣ በቀስታ ወደ ኋላ ሳቡ። የተሰነጠቀ መስታወት ከሆነ መጀመሪያ ሰፊ ግልጽ ፕላስተር ሙሉውን ላዩ ላይ ለጥፉ፣ ስባሪው ሁሉ ከፕላስተሩ ጋር አብሮ ይነሳል። የጥርስ መፈልፈያ ክር በአንዱ ጥግ ስር አስገብታችሁ ወደ ሌላው ጥግ እንደ መጋዝ ስትስቡት ሙጫው ያለ ግፊት ይላቀቃል። ምላጭ ወይም ቢላ አታስገቡ። የቀረውን ሙጫ በአልኮል ጥረጉ፣ ጠረጴዛውንም በእርጥብ ጨርቅ አብሱ፤ ዓይን የማያየው የመስታወት ስባሪ እዚያው ይቀራልና።